የመጨረሻው ተጠቂ

ውድ ኦጆት፣

«ውድ» ስልህ እንዳትኩራራ። ነጋዴ ነኝ፤ በእኔ ሱቅ ውድ የሚባለው ጠያቂ አጥቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ነው። አንተ ግን አቧራ እንኳ ሳትጠጣ ጥለኸኝ ሄድክ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህ ልጅህ ጎርደን ነው። ጎርደን፣ አደራ፤ አባትህን የምሰድብበት ቦታ ላይ ስትደርስ እንዳትዘል። ድምፅህንም ዝቅ እንዳታደርግ፤ ጎረቤትም ይስማ። አንተም ኦጆት፣ ድንበር ማዶ ፖቻላ፣ እህትህ ቤት ደጃፍ ላይ ያንን የተመታ እግርህን ዘርግተህ፣ ያልሰማህ ለመምሰል ጆሮህን እየቆፈርክ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ። አዳምጥ ብቻ።

መጀመሪያ ስለ አግዳሚው ልንገርህ። ሱቄ በር ላይ አንተ ራስህ ከማንጎ እንጨት የሠራኸው፣ እግሮቹ እንደ አማርኛህ የተንሻፈፉት አግዳሚ አሁንም አለ። ዱሮ አንተ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ ስንቀመጥ ሚዛኑን ይጠብቅ ነበር። አንተ በሄድክ ማግስት እንደ ልማዴ ጫፌ ላይ ብቀመጥ፣ ያኛው ወገን ብድግ ብሎ መሬት ላይ ዘረረኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ መሃሉ ላይ ነው የምቀመጠው። መሃል ላይ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ከሩቅ ሲያዩት ባለሥልጣን ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ሰው የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው።

ጠዋት ጠዋት ድልድዩን ተሻግረህ፣ ዓሣህን በገመድ አንጠልጥለህ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለህ «ሐጂ! ዛሬም አልሞትክም?» ትለኝ ነበር። መካን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁም፤ አንተ ግን በአንድ ጠዋት ሐጂ አድርገህ ሾምከኝ፣ ሰፈሩም በዚያው ቀረ። እኔም «አንተን ሳልቀብር?» እልሃለሁ። ሰውዳ ከጓሮ «ዓሣውን ውጭ! ሰውየውንም ውጭ!» ትላለች፤ ከዚያ ዓሣውንም ሰውየውንም ታስገባለች። ባለቤቴ አሁን ዓሣ መግዛት ትታለች። «ገበያው ሞልቷል እኮ» ስላት «ሻጩን የማላውቀውን ዓሣ አልበላም» ትለኛለች። ዓሣህ እሾህ ብቻ እንደነበር እኔም እሷም እናውቃለን። የናፈቃት ሻጩ ነው።

ሲከፋኝ የቀበሌውን ስብሰባ አስታውሳለሁ። የውሃው ፓምፕ የተመረቀ ዕለት፣ እንግዶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው «ከነዋሪው አንድ ሰው ምስጋና ያቅርብ» ሲባል ማን ይነሣል? ኦጆት። ሸሚዝህን ጎተት አድርገህ «እኛ የዚህ ፓምፕ ተጠቂዎች በጣም ደስ ብሎናል» አልክ። ተጠቃሚዎች ማለትህ ነበር። ዋናው እንግዳ ውሃ እየጠጣ ነበር፤ ትን አለው። አንተ ሳቁ ጭብጨባ መሰለህና ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ልጆቻችንም ተጠቂ ይሆናሉ!» ብለህ ጨመርክ። ስንት ዓመት አሾፍኩብህ! ስታመሰግን «ተጠቂ»፣ ስታማርር «ተጠቃሚ» እያልክ አንድም ቀን ሳትታረም ሄድክ። ፓምፑ ክረምት ሳይገባ ሲበላሽ ደግሞ መጥተህ «አየህ? ልክ ነበርኩ» አልከኝ። ይህችን ቃል ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ጎርደን መጣ። ያ ረብሻ ተነሥቶ የእናንተ ሰፈርና የኛ ኒውላንድ ደም ከተቃቡ ወዲህ የአንተን ወገን በዚህ ጎዳና ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ባጃጁ ድልድዩ ጋ አውርዶት «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» ብሎታል። ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፍቶ በእግሩ ገባ።

«አባባ ፈረጅ፣ አባቴ ሰላም ብሎሃል።» ልጅህ «አንተ» የሚለኝ አንተ ስላስለመድከው ነው።

«ሰላም ብቻ? ስድብ አልላከም?»

«ልኳል።»

«አምጣዋ!»

«‹ያ አህያ አሁንም ስኳሩ ውስጥ አሸዋ ይጨምራል ወይ› ብሏል።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ «ደህና ነዋ!» ወላሂ ኦጆት፣ ከደብረ ታቦር እስከ ጋምቤላ ያለው ሰው ሁሉ ቢመርቀኝ እንደዚያ ስድብ ደስ አይለኝም ነበር።

ከዚያ ጎርደን ቆቡን አወለቀ። «ቆርቆሮውን ስጠው ብሎሃል።»

ያንን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ማለቱ ነው፤ ከሐኪም ቤት ወጥተህ፣ በምርኩዝ እያነከስክ መጥተህ «ይሄ አማና ነው» ብለህ ጠረጴዛዬ ላይ በአደራ ያስቀመጥከውን። ሰማያዊውን ዲሙይ የያዘውን። የጎርደን እህት ስትዳር በማጫነት የገባውን፣ እሱ ሚስት ሲያገባ የሚወጣውን ዶቃ።

«አገባህ ማለት ነው!» ብዬ ልስመው ስነሣ እጁን ወደ ኋላ ሳበ።

«አይ። አንድ ሰው አለ፤ ከሠራዊት የሸሸ። በዶቃው ክላሽ ይሰጠናል። አባቴ ‹ባዶ እጄን ሁለተኛ አልመታም› ብሏል።»

«የአቦቦዋ ልጅስ፣ እጮኛህ?»

«ትጠብቃለች» አለ። ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ሚዛኑ ነበር የሚያየው።

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ሪድዋና ናት፤ የልጄ ልጅ፣ የዓሣህን ዓይን ፈርታ ከጆንያ ኋላ ትደበቅ የነበረችው። ሥራዋ ምን እንደሆነ ብነግርህ ትስቃለህ። የጠመንጃ የልደት ሰርተፍኬት ትፈልጋለች። እሷና ባልደረቦቿ ጦርነት በነበረበት ቦታ ጠመንጃውንና የጥይቱን ቀለህ ፎቶ ያነሣሉ፤ ላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና ምልክት ይዘው «ይህን ለማን ሸጣችሁ?» ብለው ለፋብሪካው ይጽፋሉ። መሥሪያ ቤቷ ናይሮቢ ነው። ለአረፋ እረፍት መጥታ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች።

ያን ቀን ጠዋት ያሾፍኩባት መስሎኝ ነበር። «ድንበር ማዶ ወዳለው አገር መሣሪያ እንዳይገባ ማዕቀብ አለ፤ በየዓመቱም ይታደሳል» ስትለኝ «እንደ እኔ ንግድ ፈቃድ!» አልኳት። «ታዲያ ማዕቀብ ካለ ይህ ሁሉ ክላሽ በየት ገባ?»

«በወረቀት ገባ አባባ።»

«ወረቀት ጥይት ይሸከማል?»

«ከግመል የበለጠ ይሸከማል» አለችኝ። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም ይህን ምላስ። «ፋብሪካው ያለበት አገር ‹ጦርነት ላለበት አልሸጥም› ይላል። ሰላም ለሆነ ለሌላ መንግሥት ይሸጣል። ያ መንግሥት ‹የመጨረሻ ተጠቃሚው እኔ ነኝ፤ ለሌላ አላስተላልፍም› ብሎ ይፈርማል። ከዚያ ዕቃው ከመርከብ ይወርዳል፣ መጋዘን ይገባል። አንድ ቀን ከዚያው መጋዘን በካሚዮን ወጥቶ ወደ ተከለከለው ጎረቤት ይሻገራል። እዚያ ደመወዝ ያልደረሰው ወታደር በላም ይለውጠዋል። ላም የሰጠው ሰው ለወንድሙ ልጅ ይሰጠዋል። በመጨረሻ በቆሎ ሥር ተደብቆ በታንኳ ይመጣል። አንዳንዱ ቁጥሩ እንኳ ተፍቆ ነው የምናገኘው።»

እኔ ስኳሬን አሰብኩ። ኬላ ላይ ጆንያውን በሹል ብረት ከላይ እስከ ታች ወግተው፣ ብረቱን ልሰው፣ «ስኳር ነው» ብለው ሲያሳልፉኝ ስንት ዓመታቸው ነው! ያ ጠመንጃ ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ ተሻግሮ፣ ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ በብረት የሚወጋው ሰው የለም። «ለመሆኑ ይህ ማዕቀባችሁ ከእኔ ሌላ የያዘው ሰው አለ?» አልኳት። ሳቀች። ያኔ ገና ይሳቅ ነበር።

ሁለተኛዋን አታውቃትም። ኛዱዋል ትባላለች፤ ቤቷ ከሱቄ ጀርባ ነው። ኩሌ መጠለያ ጣቢያ ለስደተኞቹ ታስተረጉማለች። አንተ በተመታህበት ሳምንት የበኩር ልጇ ዱዎት ከሥራ ሲመለስ ተተኩሶበት ሞቷል። ሳሙና ልትገዛ መጥታ፣ የጎርደንን ድምፅ ስትሰማ የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆነ ገባት፤ ሳሙናውን እንደያዘች ዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ጎርደንም የየትኛው ሰፈር ሰው እንደሆነች ገባው። ሰላም አልተባባሉም። ሱቄን ታውቀዋለህ፤ ሁለት ሰው ካልተነጋገረበት ሦስተኛ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለውም።

እኔ ሞኙ፣ ወሬ ልፍጠር ብዬ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። «ይኸው፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም፣ እይ!» ብዬ ክዳኑን ብከፍተው ከዶቃው መሃል አንድ ነገር ዘሎ ወደቀና እየተንከባለለ ሄደ። ያ ቀለህ ነው። ሰዎችህ ከተተኮሰብህ ቦታ ለቅመው ያመጡልህን፣ አንተ እብዱ ከማጫ ጋር አንድ ላይ የከተትከው። ተንከባሎ ተንከባሎ ኛዱዋል እግር ሥር ቆመ።

አነሣችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ጫፍ በጥርሷ ፈታችና ከቋጠሮው ሌላ ቀለህ አወጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ አቆመቻቸው፤ እኔ ሳሙና በምደረድርበት ቦታ።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ሪድዋናን፤ «አንቺ የዚህን ጽሕፈት ታነቢያለሽ አሉ። አንብቢ።»

ሪድዋና ስልኳን አስጠግታ ታችኛውን ክብ አጉልታ አየች። አንዱን። ሌላውን። መልሳ አንዱን። «አንድ ፋብሪካ ነው» አለች። «ዓመቱም አንድ ነው።»

«ከአንድ ሳጥን ነው በያ!» አልኩ እኔ።

«አልልም አባባ፣ አያስብሉኝ። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓመት። አንድ ጭነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ አላውቅም።»

ኛዱዋል ጎርደንን ቀና ብላ አየችው፤ በመጀመሪያ ጊዜ። «እኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ ‹ለነሱ የውጭ ጥይት መጣላቸው፤ እኛም እንግዛ› አሉኝ» አለች። «ከለቅሶው ብር ላይ ለዚያ ሊቀንሱ ነበር። እንቢ አልኩ።»

ጎርደን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «እኛንም» አለ፤ «እኛንም ልክ እንደዚያው ነው ያሉን። ‹ለነሱ መጣላቸው።›»

ለሁሉም መጥቶልን ነበር ለካ፣ ኦጆት። አንድ ቦታ የተሠራ፣ ለሁለት ሰፈር የተከፈለ። በአንድ ድግስ ላይ እንኳ ስጋ እንደዚያ በእኩል ተከፋፍሎ አያውቅም።

ከዚያ ኛዱዋል ጠየቀች፦ «ሲሸጡት ወረቀቱ ላይ ማን ብለው ጻፉ?»

«የመጨረሻ ተጠቃሚ ብለው አንድ መንግሥት ይጽፋሉ» አለች ሪድዋና።

ኛዱዋል ቃሉን አፏ ውስጥ አዟዟረችው። «ተጠቃሚ። እኔ ካምፕ ውስጥ በቀን ስንቴ ነው የምለው። የእርዳታ ተጠቃሚ፣ የውሃ ተጠቃሚ። ጥቅም ያገኘ ሰው ማለት ነው አይደል?» ጣቷን የእሷው ቀለህ ላይ አደረገች። «ይሄ መጨረሻ የደረሰው እኔ ቤት ነው። ዱዎት ምን ተጠቀመ?»

ኦጆት፣ ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አፌ ብቻውን «ተጠቂ» አለ። ልክ እንደ አንተ፣ በዚያው በአንተ አነጋገር። ጎርደን ታሪኩን ያውቃልና ፈገግ ሊል ጀመረ፤ ከንፈሩ መንገድ ላይ ቆመ። ይህን ሁሉ ዓመት የሳቅንብህ፣ እንግዳውን ትን ያስባልክበት ቃል፣ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው ሱቄ ውስጥ ያኔ ነው። የመጨረሻ ተጠቂ። ሪድዋና ቀና ብላ «ማነው እንደዚህ የሚለው?» አለችኝ። «ጓደኛዬ ነው» አልኳት፤ «አማርኛ አይችልም።» ከዚያ መነጽሬን ልጠርግ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አሁን ስለ ዶቃው። አንተን መስበክ አልችልም፤ አንተም መሰበክ አትችልም። ፍርሃትህን አላቃልልብህም። ጥይቱ የገባው በአንተ እግር እንጂ በእኔ አይደለም። «ባዶ እጄን አልመታም» ማለትህ እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን አንድ ነገር አስታውስ። አንድ ጊዜ፣ ዲሙይ እየጠፋ ጎረምሶች ማግባት አቃታቸው ስትለኝ፣ እኔ ብልጡ ነጋዴ ከመርካቶ አንድ ጆንያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ዶቃ አስመጣሁ። አክስትህ አንዷን ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ነከሱና እግሬ ሥር ተፉት። «ይሄ ማንንም አልዳረም» አሉ። አንተ አስተርጉመህልኝ በሳቅ ልትሞት ነበር። እኔ ያን ጆንያ እስከ ዛሬ ለበር መዝጊያ እጠቀምበታለሁ።

የዚያኑ ዕለት ነው የነገርከኝ፤ እውነተኛው ዲሙይ በየትኛው አገር እንደተሠራ በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም፤ ከእንግዲህም የሚሠራው የለም፤ ያለው ብቻ ነው ከሰርግ ሰርግ የሚዞረው። እያንዳንዷ ፍሬ ስንት ሙሽራ አስገብታ ስንት ሙሽራ እንዳስወጣች የሚያውቅ የለም አልክ። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ ይህን እያሰብኩ ነው። ክላሹም ከባሕር ማዶ መጣ፤ እሱም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የእናትህን ጎጆ ያቆመችው ዶቃ ሄዳ በክላሽ ትለወጣለች። ክላሹም አንተ ዘንድ አይቀርም፤ ከአንተ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዶ፣ አንድ ቀን የአንዲት እናት ጨርቅ ጫፍ ላይ ይቋጠራል። ዶቃዋ ግን ሰውየው ኪስ ገብታ ወዴት እንደምትሄድ አላህ ይወቅ። የአቦቦዋ ልጅም ትጠብቃለች።

ነገር ግን አማና አማና ነው። እኛ ዘንድ አማና ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለሳል፤ «ለምን» አይባልም። ሰውዳም «የሰው ንብረት ነው፤ ስጠው፤ ጀሀነም ትገባለህ» አለችኝ። ጎርደንን «ነገ ና» ብዬ ሰደድኩትና አግዳሚው መሃል ተቀምጬ ተጨነቅሁ። ብሰጥ አንተን አጣለሁ። ባልሰጥ አማና በላ እባላለሁ፤ አንተም የስኳሬን አሸዋ ማስረጃ አድርገህ ታቀርብብኛለህ።

ከዚያ ቆርቆሮውን ያመጣህበት ቀን ትዝ አለኝ። ምርኩዝህን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ፣ ቀኝ እጅህን፣ መንጠቆ የቀደደውን፣ ፊቴ ላይ ዘርግተህ ያልከው። ጎርደን፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብ። «ፈረጅ፣ ለልጄም አትስጥ። ለወንድሜም አትስጥ። እኔ ራሴ መጥቼ፣ በዚህ እጄ እቀበልሃለሁ።» አልክ ወይስ አላልክም? ሰውዳ ምስክር ናት፤ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ዐረፍተ ነገር በትክክለኛ ሰዋስው ተናገርክ፤ ይኸው ያችው ዐረፍተ ነገር ያዘችህ!

ስለዚህ ጎርደንን ባዶ እጁን ነው የምሰደው። ልጁን አትቆጣው፤ ለምኖኛል፣ አስቸግሮኛል፤ በመጨረሻ ግን «ስላልሰጠኸኝ ደስ ብሎኛል» ብሎኛል። ይህን አላልኩም ቢልህ እንዳትሰማው።

ዶቃህን ከፈለግክ ራስህ ና። ከመጣህ በኋላ «ለክላሽ ነው» ካልክ ክዳኑን ከፍቼ በእጅህ አስቆጥሬ እሰጥሃለሁ፤ ቃሌ ነው፤ ያኔ አልከራከርህም። ግን ዓይኔን እያየህ ትወስዳታለህ። አንተ ደግሞ ከዓሣ በቀር የማንንም ዓይን እያየህ ክፉ ነገር ማድረግ አትችልም።

ድልድዩን እንዴት እሻገራለሁ ትላለህ። ይህን ለኛዱዋልም አንሥቼላት ነበር። ሁለቱን ቀለህ ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ሳሙናዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «አንካሳ ነው አልክ?» አለችኝ። «አዎ፤ በዚያ ላይ ወሬኛ ነው» አልኳት። «ሲመጣ ላክብኝ» አለች። «ድልድዩ ላይ እኔ እቆማለሁ። ከእኔ ጋር ሲሄድ ያዩት ሰዎች የልጄን ስም ካልረሱ አይነኩትም።»

ይህን ብላ ስትሄድ ተከትዬ አመሰግናለሁ እንኳ ማለት አቃተኝ። አንተ ብትኖር ተነሥተህ፣ ሸሚዝህን ጎተት አድርገህ፣ አንድ የተሳሳተ ቃል ትላት ነበር፤ ትክክልም ይሆን ነበር።

ና እንግዲህ። ዓሣ ባታመጣም ና። አግዳሚው ጫፍህን ይዞ ይጠብቃል፤ መሃል መቀመጥ ሰልችቶኛል፤ ወገቤንም አሞኛል። ከመንገዱ ማዶ ሆነህ «ዛሬም አልሞትክም?» በለኝና መልሱን ከእኔው ከራሴ ስማ።

የወዳጅነትህ የመጨረሻ ተጠቂ፣
ፈረጅ፣ ከኒውላንድ

ጎርደን፣ እዚች ላይ ተሳስቷል ብለህ «ተጠቃሚ» እንዳትለው። እንደተጻፈ አንብብለት።